ለጦር የተፈጠረ ዘር አለን?

ጨዋታው የእንግሊዞች ነው። ኖቲንግሃም የሚገኝ ጌምስ ወርክሾፕ የሚባል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1987 አወጣው፤ ስሙም ዋርሃመር 40,000 ይባላል። ቁጥሩ ዘመኑን ያመለክታል፤ ታሪኩ የሚፈጸመው ከዛሬ ሠላሳ ስምንት ሺህ ዓመት በኋላ ነው። ሲጀመር አውራ ጣት የሚያህሉ ቀለም የተቀቡ ወታደሮች በጠረጴዛ ላይ ተሰልፈው፣ ቁጥር ያለበት ጠጠር እየተጣለ የሚካሄድ የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ነበር። ኋላ ልቦለዱ ተከተለ፤ የኮምፒውተሩ ጨዋታ ተከተለ። እነሆ ዛሬ ጠረጴዛውንም አሻንጉሊቱንም በዓይኑ አይቶ የማያውቅ የዲላ ወጣት በላፕቶፑ ይጫወተዋል።

የዚህ ጨዋታ ዓለም ጨለማ ነው ቢባል ያንሰዋል። ሰላም የለበትም፤ ሰላም የሚፈልግም የለበትም። የሰው ልጅ እስከ ሚሊዮን የሚደርሱ ዓለማትን የያዘ ግዛት አለው። ንጉሠ ነገሥቱ ከአሥር ሺህ ዓመት በፊት በገዛ ልጁ እጅ ቆስሎ፣ ሞተም ዳነም ሳይባል በወርቅ ዙፋን ላይ እንደተቀመጠ ነው። እሱን ለማቆየት በየቀኑ አንድ ሺህ ነፍስ ይገበራል። በደህናው ዘመን «አምላክ አትበሉኝ» ይል የነበረ ሰው ነው፤ ዛሬ እሱን የማያመልክ ይቃጠላል። ይህን ያሰበ ደራሲ ስለ መንግሥት አንድ ነገር ያውቃል።

ይህን የሰው ግዛት ሁለት ዓይነት ጠላት ከቦታል። አንደኛው ጨለማዎቹ አማልክት ናቸው። በቁጥር አራት ሲሆኑ ኮርን የደምና የቁጣ አምላክ ነው፤ ዙፋኑ የራስ ቅል ክምር ነው። ነርግል የበሽታና የመበስበስ፣ ዚንች የተንኮልና የመለዋወጥ፣ ስላነሽ ልክ ያጣ ፈንጠዝያ አምላክ ነው። ሁለተኛው ጠላት ጦረኞቹ ዘሮች ናቸው። ከእነሱ መካከል ስመ ጥሮቹ ኦርኮች ናቸው፤ ቆዳቸው አረንጓዴ፣ እናትና አባት የሌላቸው፣ እንደ እንጉዳይ ከመሬት የሚበቅሉ ፍጡራን። ጥንት የነበሩ ጥበበኞች ለጦርነት ብለው ነው የሠሯቸው። ከውጊያ በቀር ደስታ አያውቁም፤ ጠላት ካጡ እርስ በርሳቸው ይፋለማሉ። ቀይ የተቀባ መኪና ይፈጥናል ብለው ስለሚያምኑ በእውነትም ይፈጥንላቸዋል። ይህቺን ስሰማ ከት ብዬ ስቄያለሁ።

ይህን ሁሉ በትዕግሥት ያስረዳኝ እዚሁ ዲላ የሚማር አንድ ወጣት ነው። ስክሪኑ ላይ ኦርኮቹ እንደ ማሽላ ሲታጨዱ አይቼ፣ «ኧረ ተው፣ ምንም አይሰማህም እንዴ?» ብለው፣ ዓይኑን ከጨዋታው ሳያነሳ፣ «ጋሼ፣ እነሱ እኮ ለዚሁ ነው የተፈጠሩት» አለኝ። ልጁ በ2010 ዓ.ም. የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለ፣ በምዕራብ ጉጂ ዞን ከሚገኘው የቀርጫ ወረዳ ከእናቱ ጋር በሌሊት ሸሽቶ፣ ጌዴብ ላይ ትምህርት ቤት ወለል ላይ ሲተኛ የከረመ ነው።

በጨዋታው ላይ የምፈርደው ፍርድ የለኝም። ያችን «ለዚሁ ነው የተፈጠሩት» የምትለዋን ቃል ግን ከዚያ በፊት ሰምቻታለሁ። የሰማኋትም ከጨዋታ አይደለም።

ነገሩን ከአማልክቱ ልጀምር፤ እነሱ ላይ ደራሲዎቹ እውነት ነክተዋልና። በዋርሃመር ዓለም ጨለማዎቹ አማልክት ሰውን አልፈጠሩም፤ ሰውና ሌሎች አሳቢ ፍጡራን ናቸው እነሱን የፈጠሯቸው። ከሚታየው ዓለም ጀርባ የማይታይ ባሕር አለ፤ የሟቾች ሁሉ ቁጣ፣ ፍርሃት፣ ምኞትና ተስፋ መቁረጥ ወደዚያ ይፈስሳል። ሲጠራቀም ይረጋል፤ ሲረጋ ነፍስ ይዘራል። ኤልዳር የተባሉት ጥንታውያን ሥልጣኔያቸው ጣሪያ ደርሶ በምቾት ሲበሰብሱ፣ የፈንጠዝያቸው ዝቃጭ ስላነሽን ወለደ። አዲሱ አምላክ ዓይኑን በገለጠ ቅጽበት የወለዱትን ሰዎች ነፍስ ዋጠ። ኮርንም እንዲሁ ነው፤ የሚበላው ደም ነው፤ ደሙ የማን እንደሆነ ግን አይጠይቅም። የጠላቱም የአምላኪውም ደም ለእሱ አንድ ነው።

ይህ ለእኛ እንግዳ ሐሳብ አይደለም። ጣዖት የሰው እጅ ሥራ ነው የሚለውን ስንሰማ ነው ያደግነው። የዛር ፈረስ የሆነችውን ሴት ያየ ሰው፣ ዛሩ ዶሮውን በቀለሙ መርጦ እንደሚጠይቅና ካልተገበረለት እንደሚቆጣ ያውቃል። ወደ ኋላ ርቀን ከሄድን ደግሞ የአክሱም ነገሥታት የጦር አምላክ ነበራቸው፤ ማሕረም ይሉታል። ኢዛና ክርስትናን ከመቀበሉ በፊት ባስቀረጻቸው የድንጋይ ጽሑፎች ራሱን የማይሸነፈው የማሕረም ልጅ ያደርጋል፤ የግሪክኛው ጽሑፍ ይህንኑ አምላክ አሬስ ይለዋል፤ አሬስ የግሪኮች የጦርነት አምላክ ነው። ከዘመቻ ሲመለሱ ለማሕረም ከብትና ምርኮኛ ይሰጠው ነበር። በኋላ ኢዛና ሃይማኖቱን ለወጠ፤ በኖባ ላይ የዘመተበትን ታሪክ ሲያስቀርጽ ድሉን የሰጠው የሰማይ ጌታ ነው አለ። የአምላኩ ስም ተለወጠ እንጂ የተቃጠሉት መንደሮችና የተማረኩት ሰዎች ቆጠራ በድንጋዩ ላይ አለ። ማሕረም ተሻረ ወይስ ስም ቀየረ? የታሪክ ሰዎች ከእኔ ይልቅ ይመልሱ፤ እኔ ግን ጥያቄው ዛሬም አያስተኛኝም።

አሁን ወደ ጌዴኦ ልመለስ። በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ ዞኑ ከ840 ሺህ በላይ ሰው ነበረበት፤ በካሬ ኪሎ ሜትር 700 ያህል ሰው ማለት ነው። ከዚህ ሕዝብ አብዛኛው ገጠሬ ነው፤ እንሰቱን፣ ቡናውንና ዛፉን ባንድ ማሳ ደራርቦ ተክሎ የሚኖር። የዚህ ማሳ ጥበብ ነው በመስከረም 2016 ዓ.ም. የጌዴኦን መልክዓ ምድር ከነትክል ድንጋዮቹ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ያስመዘገበው። መሬት የጠበበው ጌዴኦ ከትውልድ በፊት ጀምሮ ወደ ጉጂ ምድር እየተሻገረ ቡና ተክሏል፤ ተጋብቷል፤ ተዋልዷል። ጌዴኡፋና ኦሮምኛ እያፈራረቁ የሚናገሩ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። በቃል ከሚወርደው ታሪክ አንዱ የጌዴኦን አባት ዳራሶንና የጉጂን አባት ጉጆን ወንድማማች ያደርጋቸዋል።

በሚያዝያ 2010 ዓ.ም. ይህ ሁሉ ተናደ። መጀመሪያ ከቀርጫ አካባቢ ሰዎች ሸሹ፤ ጥቂት ቆይቶ «ተመለሱ» ተባሉ፤ በሰኔ ደግሞ ከፊተኛው የባሰ መጣ። በሁለቱ ዞኖች ከቤቱ የተነቀለው ሕዝብ ወደ አንድ ሚሊዮን ተጠጋ። በዚያ ዓመት በዓለም ላይ በአጭር ጊዜ ይህን ያህል ሰው የተፈናቀለበት ቦታ ማግኘት ያስቸግራል። አብዛኛው ጌዴኦ ነበር፤ ግን ጉጂውም ቤቱ ተቃጥሎበታል፤ ጉጂውም ተሰድዷል። ጌዴብና ኮቸሬ፣ ይርጋ ጨፌና ዲላ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ያላለቀው ሕንፃ ሁሉ ሰው ሆነ። ክረምት ነበር።

ኮርንን ያስታወሰኝ ይህ ነው። የመሬት ጥበት አለ፤ የወሰን ጥያቄ አለ፤ የቡና ገንዘብ አለ፤ በክልልና በዞን አጥር የተነሳ «ማን ባለቤት፣ ማን መጤ» የሚል ክርክር አለ። እነዚህ ምክንያቶች ናቸው፤ ሊቆጠሩ፣ ሊመዘኑ፣ በሸንጎ ሊፈቱ የሚችሉ ምክንያቶች። ሆኖም በየገበያውና በየጠላ ቤቱ ለዓመታት የተንጠባጠበው ሐሜት፣ ንቀትና ፍርሃት በአንድ ሰሞን ረግቶ ነፍስ ሲዘራ፣ የጀመሩት ሰዎች እንኳ የማያዙት ነገር ሆነ። ጎረቤት ጎረቤቱን ያሳደደው አስቦበት ነው ብሎ መናገር ይከብደኛል። አላሰበም ማለት ግን አይደለም። እዚህ ላይ ጨዋታው ከብዙ ስብሰባ የተሻለ ያስተምራል፤ ጨለማው አምላክ ከሰማይ አልወረደም፤ ተቀልቦ ነው ያደገው፤ ቀላቢዎቹም እኛ ነን።

ሁለተኛው ነገር ግን ውሸት ነው፤ ደግሞም ከውሸት ሁሉ የሚጣፍጠው ነው።

ያኔ በ2010 ዲላ ላይ ሻይ ቤት ተቀምጬ የሰማሁት ይህንን ነበር፦ «እነሱ ድሮም እንዲህ ናቸው፤ ደማቸው ነው፤ ለጦር ነው የተፈጠሩት»። ከወሰኑ ማዶ ያሉትን የጠየቀ ሰው ደግሞ ተገላቢጦሹን ይሰማል፦ «እነዚያ ዝም ያሉ መስለው ተንኮል የሚሸርቡ ናቸው፤ ተፈጥሯቸው ነው»። አንዱ ኦርክ ተባለ፣ አንዱ የዚንች ልጅ ተባለ እንበል። ከብት አርቢው ጦረኛ፣ ገበሬው ዝምተኛ፤ ይህ ክፍፍል በመጽሐፍም በአስተዳዳሪ ወግም የቆየ ነው። ይሁንና «ዝምተኛው» ጌዴኦ በ1952 ዓ.ም. ምን እንዳደረገ የሚያስታውስ አለ? ያኔ አገሩ ደራሳ አውራጃ ይባል ነበር። ከቡናው ላይ ባለርስቱ የሚወስደው ድርሻ አልበቃ ሲለው ገበሬው ጦሩን አንሥቶ ሚችሌ ላይ ከጠመንጃ ጋር ተፋጠጠ፤ ብዙም ሰው ወደቀ። ታዲያ በዚያ ዓመት የጌዴኦ ደም ተለወጠ? ከዚያስ በኋላ መልሶ ረጋ? ደም እንዲህ በየዓመቱ የሚለዋወጥ ከሆነ ደም ምንም አያስረዳም ማለት ነው። የሚያስረዳው የቡናው ድርሻ ነው።

እንግሊዞች ራሳቸው ከጨዋታው በፊት ይህንን በእውኑ ዓለም ሠርተውታል። እ.ኤ.አ. በ1857 የሕንድ ወታደሮች ካመፁባቸው በኋላ የሕንድን ሕዝብ ጦረኛ ዘርና ጦረኛ ያልሆነ ዘር ብለው ከፈሉት። ጉርካውና ሲኩ ጦረኛ ተባለ፤ ያመፀባቸው አካባቢ ሰው ደግሞ ቀድሞ የሠራዊታቸው አከርካሪ የነበረ ቢሆንም ለጦር አይሆንም ተባለ። የዘር ሳይንስ መስሎ የቀረበው ነገር የምልመላ መመሪያ ነበር።

እኛስ የማን ኦርክ ነበርን? በ1927 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የሙሶሊኒ መንግሥት ጄኔቭ ላይ ለመንግሥታቱ ማኅበር ወፍራም ማስታወሻ አቀረበ። ኢትዮጵያ አረመኔ ናት፣ ባሪያ ትፈነግላለች፣ ጎረቤቶቿን ስትወጋ የኖረች ናት፣ ከሠለጠኑ መንግሥታት ጋር እኩል መቀመጥ አይገባትም የሚል። ከውስጡ እውነት ነበረበት፤ የባሪያ ንግዱ እውነት ነው፤ ማንም አይክደውም። ግን ማስታወሻው የተጻፈው ባሪያን ነፃ ለማውጣት አልነበረም። በወሩ ጦርነቱ ተጀመረ፤ የመርዝ ጋዙም ተከተለ። ለጦር የተፈጠረ አረመኔ ላይ መርዝ ቢነሰነስ ማን ያለቅሳል?

የራሳችንንም ጓዳ ልንፈትሽ ይገባል። ሰሜን አገር ሰርግ ላይ፣ ግብር ላይ፣ ለቅሶ ላይ ሳይቀር ሲፎከር ያደግን ሰዎች «ገዳይ» የሚለው ቃል ምርቃት ሆኖ ሲነገር ሰምተናል። ፎካሪው የገደለውን ሰው ስም አይጠራም፤ የራሱን አባት ስም ነው የሚጠራው። እዚህ ላይ ራሳችንን ነው ለጦር የተፈጠርን ያልነው፤ በኩራት። ኦርኩ ራሱ ቢጠየቅም የሚመልሰው ይህንኑ ነው። ስድቡና ውዳሴው የተቀዱት ከአንድ ጋን ነው። በደህና ጊዜ «ጀግና ዘር» ያልነውን በክፉ ጊዜ «ነፍሰ ገዳይ ዘር» ለማለት አንዲት ቃል መለወጥ ብቻ ይበቃል።

«ታዲያ ጨዋታ ጨዋታ ነው» የሚለኝ አይጠፋም። እውነቱን ነው። ሕፃን ሳለን አያ ጅቦን ስንፈራ የጅብን ሰብአዊነት አልተከራከርንም። ተረት ያለ ክፉ አይቆምም። የዋርሃመር ፈጣሪዎችም ቀልደኞች ናቸው፤ የሰው ግዛት የተባለው ጨካኝ መንግሥት ምፀት ነው፤ በዚያ ዓለም ደግ ወገን የለም ይላሉ። ችግሩ ምፀቱ ሁሉ ተጫዋች ዘንድ አለመድረሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ስፔን ውስጥ በተደረገ ውድድር ላይ አንድ ሰው የናዚ ምልክት ለብሶ ቢመጣ፣ ኩባንያው መግለጫ እስከ ማውጣት ደርሷል፤ ግዛቱ አርአያ ሳይሆን ማስጠንቀቂያ ነው፣ በጥላቻ የሚመጣ ከእኛ ጋር ቦታ የለውም በማለት። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ የተቀለደው ቀልድ በመግለጫ መፈታት ግድ ሆነበት። እንግዲህ እንዲህ ያለው ቀልድ በአገሩ ካልገባ፣ ጌዴብ ወለል ላይ የተኛ ልጅ ዘንድ እንዴት ይግባ?

እግረ መንገዴን ስለ ገበጣ አንዲት ነገር ልበል። ገበጣም ጦርነት ነው፤ ይማረካል፣ ይበላል። ግን ጠጠሩ ዘር የለውም። አሁን በእኔ ጉድጓድ ያለው ጠጠር ዞሮ በአንተ ጉድጓድ ሲገባ ያንተ ነው፤ ሲመለስ የእኔ ነው። በገበጣ ላይ የሚጠላ ጠጠር የለም። አባቶቻችን ይህን ፍልስፍና ብለው አልሠሩትም ይሆናል፤ የተጫወተው ግን ያውቀዋል።

ወደ ዋናው ነገር ልግባ። «ለዚሁ ነው የተፈጠሩት» ማለት ምን ያደርጋል? ሰው የሚመስለው ጠላቱን ጥፋተኛ የሚያደርገው ነው። አይደለም፤ ከጥፋት ነፃ ያደርገዋል። ለጦር የተፈጠረ ፍጡር ሲገድል ተፈጥሮውን ፈጸመ እንጂ በደል አልሠራም። ነብር ፍየል በላ ተብሎ አይከሰስም፤ ይገደላል እንጂ። ስለዚህ ይህቺ ቃል ሁለት ሥራ ትሠራለች፦ የእሱን በደል ትሰርዛለች፤ እሱን የሚገድለውንም ሰው በደል አብራ ትሰርዛለች። ሁለቱ ከተሰረዙ በኋላ መጠየቅ የለም፤ ካሣ የለም፤ ይቅርታ የለም። አምላኩ ሆዱን እያሻሸ ይጠብቃል።

ጌዴኦና ጉጂ ይህን ከማናችንም በፊት የተረዱት ይመስለኛል፤ ጎንዶሮ የሚባል ሥርዓት አላቸውና። በሁለቱ መካከል ነፍስ ሲጠፋ ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ፤ እንስሳ ይታረዳል፤ መሐላ ይገባል፤ መሐላውን የሚያፈርስ ይረገማል። ጎንዶሮ የሁለቱም ነው፤ የአንዱ ሕግ በሌላው ላይ የተጫነ አይደለም። እስቲ ይህ ሥርዓት ምን እንደሚገምት ልብ በሉ። ገዳዩ «በድያለሁ» ማለት የሚችል ሰው ነው ብሎ ይገምታል። ባይገድል ኖሮ ይችል እንደነበር ይገምታል። መሐላ የሚይዘው፣ እርግማን የሚያስፈራው፣ ልጆቹ ላይ እንዳይደርስ የሚሰጋ ፍጡር ነው ብሎ ይገምታል። ከኦርክ ጋር ጎንዶሮ አይደረግም። ጎንዶሮ ላይ ደም ይፈስሳል፤ ግን ለኮርን አይደለም፤ የሚፈስሰውም ከዚያ በኋላ እንዳይፈስስ ነው።

ሥርዓቱ ሁሉን ይፈታል የሚል የዋህነት የለኝም። በ1980ዎቹ ማብቂያ ጌዴኦና ጉጂ ተጋጭተው ታርቀዋል፤ ሆኖም 2010 መጣ። አንድ ሰው አንድ ሰው ሲገድል የተበጀ ሥርዓት፣ ስሙ ያልታወቀ ብዙ ሕዝብ ቤቱ ሲቃጠል ምን ያደርጋል? ገዳዩ «እኔ ነኝ» ብሎ ካልቀረበ ሽማግሌው ማንን ያምላል? በሶንጎ ተቀምጦ ነገር የሚያየው አዛውንትና በስልኩ ወሬ የሚቀበለው ጎረምሳ ቋንቋቸው ተለያይቷል። ይህ ሁሉ ጉድለት ቢኖርበትም፣ ጎንዶሮ ከሳተው ይልቅ የያዘው ይበልጣል ባይ ነኝ፤ ምክንያቱም ከፊቱ የቆመው ሰው መሆኑን አልረሳም።

በጨዋታው ውስጥ አንድ ዓለም በጨለማዎቹ አማልክት እጅ ገብቷል ከተባለ፣ የሰው ግዛት መርከቦች ከሰማይ ሆነው ዓለሙን ከነነዋሪው ያነዱታል። የተበከለውን ካልተበከለው መለየት አያስፈልግም፤ አመዱ ላይ የሚኖር የለም፤ ስለዚህ ከዚያ ወዲያ ጥያቄ የለም። መርከቡ ወደ ሌላ ዓለም ይሄዳል። በ2011 ዓ.ም. ግን ተፈናቃዮቹ ወደየቀዬአቸው እንዲመለሱ ተደረገ። ቤቱ አመድ ነው፤ የእንሰቱ ግንድ ተቆርጧል፤ ከወራት በኋላ ደግሞ ቡናው መቅላት ይጀምራል። የማሳው ወሰን አንድ ረድፍ እንሰት ነው። ከረድፉ ማዶ ያለው ጎረቤት ቤቱን ያቃጠለበት ሰው ሊሆን ይችላል፤ ልጆቹን ጓዳው ሸሽጎ ያተረፈለትም ሰው ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱንም ያደረገ አንድ ሰው ሊሆን ይችላል። ቡናው ሲደርስ ለቃሚ ያስፈልጋል። ገበያውም አንድ ነው።